ስሙን ሳይሆን ፍሬውን እንመርምር፦ «ፌሚኒስት» የተባለው የውጭ ዕርዳታና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ



ከ2014 ወዲህ አንዳንድ የምዕራብ አገሮች ለድሃ አገሮች የሚሰጡትን ዕርዳታ «ፌሚኒስት» በሚል ስም ሲጠሩት ቆይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉን ስንሰማ አብዛኞቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። አንዳንዶቻችን «ይህማ የፈረንጅ ርኩሰት ነው» ብለን ጆሯችንን እንደፍናለን። ሌሎቻችን ደግሞ ገንዘቡ እንዳይቀርብን ብለን፣ ምን እንደሚል ሳንጠይቅ፣ ፎርሙን ሞልተን እንፈርማለን። ሁለቱም መንገድ ግን ለአማኝ የሚበቃ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የተሰሎንቄን ሰዎች ሁሉን እንዲመረምሩና መልካሙን እንዲይዙ እንጂ ሳይመረምሩ እንዲጥሉ ወይም ሳይመረምሩ እንዲቀበሉ አላስተማራቸውም (1ኛ ተሰ. 5፥21)። እንግዲህ ነገሩን አብረን እንመርምረው።

ነገሩ ከወዴት መጣ?

በ2014 የስዊድን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጎት ቫልስትሮም አገራቸው «ፌሚኒስት የውጭ ፖሊሲ» እንደምትከተል አስታወቁ። በዚህ ስም ፖሊሲ ያወጣች የመጀመሪያዋ አገር ስዊድን ናት። የፖሊሲው መሠረት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ የሴቶች መብት ተጠብቋል ወይ? ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ ሴቶች አሉ ወይ? ገንዘቡና ሀብቱስ ለሴቶች ይደርሳል ወይ?

በ2017 ካናዳ ተከተለች። የካናዳው ፖሊሲ በቀጥታ የውጭ ዕርዳታን የሚመለከት ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሁለትዮሽ ዕርዳታዋ 95 በመቶው የሴቶችን እኩልነት ዋና ዓላማው ወይም አንድ ክፍሉ እንዲያደርግ፣ ከዚህም ውስጥ 15 በመቶው ዋነኛ ዓላማው ይኸው እንዲሆን ግብ አስቀመጠች። በ2023 ደግሞ ጀርመን «ፌሚኒስት የልማት ፖሊሲ» አወጣች፤ እስከ 2025 ድረስ ከአዲስ የፕሮጀክት ገንዘቧ 93 በመቶው ለዚሁ አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ወሰነች። ፈረንሳይ፣ ስፔንና ሜክሲኮም በየራሳቸው መንገድ ስሙን ወስደዋል።

የስሙ ዕድሜ ግን በብዙ ቦታ አጭር ሆነ። በ2022 ስዊድን መንግሥት ስትለውጥ አዲሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቶቢያስ ቢልስትሮም ስያሜውን ወዲያው ሰረዙት፤ ምክንያታቸውም ስያሜ ይዘትን የመሸፈን ጠባይ አለው የሚል ነበር። በ2025 በጀርመን የመጣው አዲስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ቃሉን ተወው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ካርኒ የአገራቸውን የውጭ ፖሊሲ «ፌሚኒስት» ብለው እንደማይጠሩት ተናገሩ። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር፣ ስሙን ካወጡት አገሮች ዋና ዋናዎቹ ራሳቸው ስሙን ትተውታል ማለት ነው።

ለለሚዋ እናት ምኗ ነው?

ይህ ሁሉ በስቶክሆልም፣ በኦታዋና በበርሊን የሆነ ነው። ለመሆኑ በለሚ አካባቢ ለምትኖር አንዲት የገጠር እናት ምኗ ነው?

ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሙከ ጡሪ ተገንጥሎ ወደ መርሐቤቴ የሚወስደው መንገድ በእርሷ በኩል አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርድና ማዶ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። በ2024 በአጠገቧ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆ ስሟ በአገሩ ተሰምቷል። በዙሪያዋ ባለው ገጠር ግን የእናቶች ሥራ ከፋብሪካው በፊት እንደነበረው ነው። እናት ዶሮ ሲጮኽ ትነሣለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ ሊጥ ታቦካለች፤ ሕፃን አዝላ ታርማለች፤ አዝመራ ሲደርስ ከባሏ ጋር ታጭዳለች። «ገበሬ» ሲባል ግን በሁላችን አእምሮ የሚመጣው ባልዋ ነው። ዕርዳታ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ካላየ፣ ሥልጠናውን ለወንዱ ሰጥቶ፣ ዘሩን ለወንዱ አድሎ፣ ብድሩን በወንዱ ስም ጽፎ፣ «ቤተሰቡን ረዳሁ» ብሎ ይሄዳል።

የሴቶችን ነገር ለብቻው መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ካናዳን ጨምሮ በብዙ ለጋሾች ገንዘብ የቆመ ነው። የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ድሃው ቤተሰብ በእርከንና በመንገድ ሥራ ተሰማርቶ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል። ታዲያ ነፍሰ ጡር ሴት ድንጋይ ትሸከም? በፕሮግራሙ መመሪያ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራው ነፃ ሆና ድጋፉን እንድታገኝ ተደነገገ። ይህን መስመር አንድ ሰው በመመሪያው ላይ ባይጽፈው ኖሮ ስንት እናት ጽንሷን ይዛ እርከን ትሠራ ነበር? አንድ መስመር ጽሑፍ ናት፤ በእናትና በልጅዋ ሕይወት ላይ ግን ትልቅ ነገር ናት።

የሰለጰዓድ ልጆችና የመሬት ደብተሩ

ሁለተኛው ምሳሌ ከመጀመሪያው ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆመው፣ አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይኖረው ስለ ሞተ ብቻ ርስቱ ከስማቸው እንዳይጠፋ ጠየቁ። ሙሴ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔርም ልመናቸው ትክክል እንደ ሆነ ተናግሮ ርስት እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ ለእስራኤልም ሁሉ ሕግ አደረገው። እነዚህን ሴቶች «የዘመኑን መንፈስ አመጡ» ብሎ የገሠጻቸው የለም።

የአማራ ክልል ከ2003 ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። በዚህ ሥራ የስዊድን መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት፣ ሲዳ፣ ከክልሉ ጋር ባካሄደው የገጠር ልማት ፕሮግራም አማካይነት በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ጀማሪ ረዳት ነበረ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጻፈ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታችው ሴት በባሏ ዘመዶች ከማሳዋ በምትገፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ በእጇ ፎቶግራፏ ያለበት ደብተር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ በተሠራ ጊዜ ስዊድን ፖሊሲዋን ገና «ፌሚኒስት» ብላ አልሰየመችም፤ ስሙ የመጣው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስሙ ሲሰረዝም ደብተሩ አልተሰረዘም። ፍሬው ከስሙ በፊት ነበረ፤ ከስሙም በኋላ አለ።

ከለሚ ማዶ ባለችው መርሐቤቴም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም በ1981 በአንድ የጀርመን ቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ተወራርዶ ለአፍሪካ ድሆች ገንዘብ ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ትርጉሙ «ሰዎች ለሰዎች» የሆነውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ከ1992 ጀምሮ በመርሐቤቴ ሠርቷል። በዓለም ከተማ ያለው «እናት» የተባለው ሆስፒታልም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። ድርጅቱ በሚሠራባቸው ወረዳዎች የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ተቃውሟል፤ ሴቶችን በቁጠባና ብድር አደራጅቷል። ይህንንም ለማድረግ የማንንም መንግሥት ርዕዮት በስሙ ላይ መለጠፍ አላስፈለገውም።

በሰው ነፋስ የሚወዛወዝ ዕርዳታ

እንግዲህ «ዕርዳታው ጥሩ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ዕርዳታው የሚኖረውና የሚሞተው በሰጪው አገር ፖለቲካ መሆኑ ነው።

በ2013 «የኛ» የተባለ የአምስት ወጣት ሴቶች የሙዚቃና የሬዲዮ ድራማ ፕሮግራም በአዲስ አበባና በአማራ ክልል መተላለፍ ጀመረ። ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ትምህርት የሚናገር ነበር፤ ገንዘቡም ከእንግሊዝ መንግሥት ይመጣ ነበር። የእንግሊዝ ጋዜጦች፣ በተለይ ዴይሊ ሜይል፣ «የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለኢትዮጵያ ዘፋኞች» እያሉ ዘመቱበት። በ2017 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። በዘፈኖቹ እንስማማም አንስማማም፣ ውሳኔው የተሰጠው ስለ አማራ ክልል ልጃገረዶች ተመክሮ አልነበረም፤ በለንደን በተነሣ ጩኸት ነበር።

የአሜሪካው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በ1984 ፕሬዚዳንት ሬገን ያወጡት፣ ውርጃን የሚያከናውኑ ወይም የሚያስተዋውቁ የውጭ ድርጅቶች የአሜሪካን የቤተሰብ ምጣኔ ገንዘብ እንዳያገኙ የሚከለክለው መመሪያ፣ በ1993 ተሻረ፤ በ2001 ተመለሰ፤ በ2009 ተሻረ፤ በ2017 ተመለሰ፤ በ2021 ተሻረ፤ በ2025 እንደ ገና ተመለሰ። እኛ ውርጃን የምንቃወም ክርስቲያኖች በመመሪያው ደስ ሊለን ይችላል። ነገር ግን በዚያው በ2025 የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ራሱ ፈርሶ በሐምሌ መጀመሪያ ሥራውን አቆመ። የቆመው ውርጃ ብቻ አይደለም። የምግብ ዕርዳታው፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሥራው፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ሥራው ሁሉ ተናጋ። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ ነው።

ነፋሱ ከውጭ ብቻ አይነሣም። በ2009 የራሳችን መንግሥት ባወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። በ1995 ተመሥርቶ ለተደፈሩና ለተጠለፉ ሴቶች በነፃ ጠበቃ ሲያቆም የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በዚህ ሕግ እጅግ ተዳከመ። ሕጉ በሌላ የተተካው በ2019 ነው። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት የተጠለፈች ልጅ የማንን በር አንኳኳች? የቤተ ክርስቲያንን በር አንኳኩታ ከሆነስ ማን ከፈተላት?

የማንቀበለውን በግልጽ እንናገር

ከእነዚህ ፖሊሲዎች ጋር የማንስማማበት ነገር አለ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ካናዳ በ2017 ለሥነ ተዋልዶ ጤና 650 ሚሊዮን ዶላር ስትመድብ ውርጃም በውስጡ ነበረበት። በማኅፀን ያለው ሕይወት የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብለን የምናምን ሰዎች (መዝ. 139፥13-16) ይህን ልንደግፍ አንችልም። ስለ ጋብቻ ያለንም እምነት ከብዙ ለጋሾች እምነት ጋር ተለያይቷል።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋጋ የከፈለችበት ምስክርነት አላት። በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለችው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የብዙ ዘመን ግንኙነት በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ምክንያት አቋረጠች። ከግንኙነቱ ጋር የሚቀር ገንዘብ እንደሚኖር እያወቀች ነው።

ከዚያም በፊት በ1972 ይህችው ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ዛሬም ሊታሰብ ይገባዋል። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፤ እኚህ አባት በ1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተገድለዋል። ደብዳቤው የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸውን መሰብሰባቸውን ይወቅሳል። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም፤ ለሕዝባችን የሚያስፈልገውንም ሰጪው ብቻውን ሊወስን አይገባም የሚል ነበር ሐሳቡ። «ፌሚኒስት» ለተባለው ዕርዳታም ይኸው ጥያቄ ይቀርብለታል፦ የለሚዋ እናት ምን እንደሚያስፈልጋት የወሰነው ማነው? እርሷ ተጠይቃለች?

ነገር ግን፣ ወገኖቼ፣ እምቢ ማለት ግማሹ ብቻ ነው። ውርጃ ያለበትን ገንዘብ አንቀበልም ስንል፣ በወሊድ የምትሞተው እናት የእኛ ኃላፊነት ሆነች ማለት ነው። በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ጥናት ቁጥሩ 412 ደረሰ። በዚህ መሐል ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወጣት ሴቶች፣ ብዙ ደክመዋል። የውጭ ዕርዳታም በዚህ ሥራ ውስጥ ነበረበት። ያንን ዕርዳታ ስንነቅፍ የእነዚያን እናቶች ሕይወት አብረን ማሰብ አለብን።

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ምን አደረገች?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። በኢየሩሳሌም ለመበለቶች በየዕለቱ ዕርዳታ ይታደል ነበር። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ግን ተረሱ፤ በዚህም ማንጐራጐር ሆነ። ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት «ይህ ሥጋዊ ክርክር ነው፤ እንጸልይ» ብለው አላለፉትም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው ለሥራው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም ብታዩ፣ ከእስጢፋኖስ ጀምሮ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። የዕደላው ኃላፊነት ከተረሱት ወገን ለሆኑ ሰዎች ተሰጠ ማለት ነው። ሰባቱ ወንዶች መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገሩ ግን የተጀመረው ሴቶች መረሳታቸው ስለ ተሰማ ነው።

ስዊድን በ2014 ከጠየቀቻቸው ሦስት ጥያቄዎች ሁለቱ፣ ማለትም ሀብቱ ለማን ይደርሳል፣ በውሳኔውስ ማን አለበት የሚሉት፣ በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን አስቀድመው ተጠይቀው ነበር። ከምዕራብ የመጡ መስለው የሚያስፈራሩን እኛ ስለ ተውናቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ጥያቄዋን ስትተው ሌላው አንሥቶ በራሱ ስም ይጠራዋል፤ የማንፈልገውንም ይጨምርበታል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በቤታችን መልካም ጅማሬ አለ። በ2002 የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዙ ክርስቲያናዊ ድርጅት ከቲርፈንድ ጋር በናዝሬት (አዳማ) አምስት የራስ አገዝ ቡድኖች አቋቋመች። ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ የሚሆኑ እጅግ ድሃ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በየሳምንቱ ተሰብስበው ከእጃቸው ያለችውን ጥቂት ሳንቲም ይቆጥባሉ፤ ከራሳቸው ገንዘብ ይበዳደራሉ፤ መሪነቱን በየተራ ይይዛሉ። ከውጭ የመጣው ገንዘብ በዋናነት ለአሠልጣኝ እንጂ ለእደላ አልዋለም። ስለዚህ ለጋሹ ቢሄድ የሴቶቹ ቁጠባ በሣጥናቸው ይቀራል። ቡድኖቹ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺህ ተቆጥረዋል።

ስለዚህ በየአጥቢያችን ጥቂት ነገር እንጠይቅ። የልማት ኮሚሽናችን ፕሮጀክት ሲቀርጽ የምትረዳዋን እናት አስቀድሞ ጠይቋታል? በኮሚቴው ውስጥ በእውነት የሚወስኑ ሴቶች አሉ ወይስ ሻይ የሚያቀርቡ ብቻ? መካነ ኢየሱስ ሴቶችን በቅስና ለመሾም የወሰነችው በ1997 ነው፤ የመጀመሪያዋም በ2000 ተሾመች። በዚህ ጉዳይ አብያተ ክርስቲያናት በአቋም ይለያያሉ። ገንዘቧን የምታወጣዋ መበለት ግን ገንዘቧ የት እንደ ደረሰ የማወቅ መብት እንዳላት ማናችንም አንክድም። በቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ጋብቻ የሚባርክ አገልጋይ በመካከላችን አለ ወይ? ባሏ የሞተባት እህት የመሬት ደብተሯን ይዛ ወደ ወረዳ ስትሄድ አብሯት የሚሄድ ሽማግሌ አለን? ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ለሰሜን ሸዋም ተርፏል። ባሏ የተገደለባትንና ልጆቿን ይዛ የተሰደደችውን ሴት ለመደገፍ ከውጭ ፕሮጀክት እስኪመጣ እንጠብቅ ይሆን?

የውጭ ዕርዳታ ሲመጣ፣ ለእናቲቱ የሚጠቅማትን በምስጋና እንቀበል፤ ሕሊናችን የማይቀበለውን በግልጽ እምቢ እንበል። ስሙ «ፌሚኒስት» ስለሆነ ብቻ አንጣለው፤ ስሙ ስለ ተሰረዘም ብቻ አንደሰት። ጌታችን ዛፍ ከፍሬው እንደሚታወቅ አስተምሮናል (ማቴ. 7፥16-20)። የእኛም ዛፍ በዚሁ ይመረመራል። ያዕቆብ ንጹሑን አምልኮ ወላጅ የሌላቸውንና መበለቶችን በመከራቸው ከመጠየቅ ጋር ያገናኘው (ያዕ. 1፥27) ለለጋሽ መንግሥታት አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ነው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።